የእጅና የምላስ ተራ

መስከረም 28

ውድ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? አክስቴስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል፤ “ካፖርት ሳትገዢ ደግመሽ እንዳትጽፊልኝ” ብለው የላኩት ቁጣም በሰላም ደርሶኛል። ገዝቻለሁ።

“ፊዚክስ የተማርሽ ልጅ ሰው አንጎል ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?” ላሉኝ መልሱን ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሐኪምም ባዮሎጂ ያጠናም አለ። እኔ የተማርኩት ስለ ሞገድና ስለ ፔንዱለም ነው። ሥራዬ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምት የሚመቱ ብዙ ትንንሽ ነገሮች መቼና እንዴት አንድ ላይ መምታት እንደሚጀምሩ ማወቅ ነው። ነገሮቹ የግድግዳ ሰዓት ቢሆኑም፣ የልብ ወይም የአንጎል ሕዋስ ቢሆኑም ሒሳቡ ይቀራረባል።

እንዲህ ያስቡት። አዳራሽ ውስጥ ነዎት፤ ዘፈኑ አለቀና ሰው ያጨበጭባል። መጀመሪያ ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ የተበታተነ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ጧ! ጧ! ጧ! እያለ አንድ ይሆናል። ማንም አላዘዘም፤ ሁሉም የጎረቤቱን ሰምቶ ነው። የአንጎል ሕዋሳትም እንዲሁ ይሰማማሉ። ጤነኛ ሲሆኑ ጭብጨባቸው እንደ ዝናቡ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ነገር በራሱ ጊዜ ይናገራል። የእርስዎን እጅ በሚያዘው ሰፈር ግን ሕዋሳቱ በአንድ ምት ማጨብጨብ ጀምረዋል። መቀሱን ሲያነሱ እጅዎ የሚንቀጠቀጠው ያንን ጭብጨባ እየታዘዘ ነው። ስለዚህ “ፈሪ ሆንኩ፣ አረጀሁ” ማለቱን ይተዉልኝ።

ሐኪሙ ስላነሳው ቀዶ ጥገና አስቤበት እጽፋለሁ። እስከዚያ አንድ ልመና አለኝ። ደብዳቤውን አክስቴ አትጻፍልዎ፤ በእጅዎ ይጻፉት፤ ከታችም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩልኝ። እዚህ አጉልቼ ብዕሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ እለካበታለሁ። መልኩ አያሳስብዎ።

የእህትዎ ልጅ፣
ፍንጭቷ


ጥቅምት 14

ለፍንጭቷ፣

ይህን የዶሮ ጭረት ማንበብ ከቻልሽ ትምህርትሽ ከንቱ አልሆነም። “ጤና ይስጥልኝ” ብዬ ጀምሬ ነበር፤ “ጤና” ዘልላ ከወረቀቱ ልትወጣ ስትል ተውኳት።

የጭብጨባው ነገር ገብቶኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ የኔው ድር ግን አብሮ አብሮ ፀጉር አስተካካይ አሰረ። አንበሳ ቢያጣ ነው መቼም።

ስለ ሱቁ ልንገርሽ፤ ምላጭ ትቻለሁ። የኳስ ዳኛውን ታውቂዋለሽ፤ ጡረታ ቢወጣም በየሳምንቱ እየመጣ ይላጫል። ባለፈው ጆሮው ሥር ጫር አደረግኩት። ፎጣውን ራሱ አንስቶ ቁስሉን ጫን አደረገና “ቀጥል፣ ጨዋታው አልቆመም” አለኝ። ሳቅን። እሱ ከወጣ በኋላ ምላጩን አጥቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አሁን በቶንዶዝ ብቻ ነው የምሠራው፤ እሱንም ቢሆን ሕፃን ይዘው ሲመጡ “ዛሬ መብራት የለም” እላለሁ፤ አምፖሉ አናታቸው ላይ እየበራ። ሰው ግን መምጣቱን አልተወም። ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለወሬዬ ነው። አንዳንዱማ ፀጉርም የለውም!

አክስትሽ የቀዶ ጥገናውን ነገር መስማት አትፈልግም። “የራዲዮ ክዳን እንኳ አንዴ ከተፈታ አይገጥምም” ትላለች። እሷ በወር አንድ ጊዜ ነው የምትናገረው፤ ሲናገሩ እንዲህ ነው። 

አንቺ መልስ ካለሽ ንገሪኝ። እውነት ነቅቼ ነው የሚከፍቱኝ? ሽቦው እዚያ ገብቶ ምን ያደርጋል? ደግሞ አንድ ነገር፤ እናትሽ ብትሆን ታስደርጊያት ነበር?

መስመሩ ይኸው። ቀጥ ያለ ነው ብለሽ አስቢው።

አጎትሽ


ኅዳር 3

ውድ አጎቴ፣

“ጤና” በሰላም ደርሳልኛለች፤ ከወረቀቱ አልወጣችም። መስመርዎን ለካሁት፤ በሰከንድ አምስት ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል። ሐኪሙ ካለው ጋር ይገጥማል።

አዎ፣ ነቅተው ነው። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ቆዳውን ብቻ ያደነዝዙታል። ሽቦው ቦታውን መያዙን የሚነግራቸው የእርስዎ እጅና አንደበት ስለሆነ ነው እንዲነቁ የሚፈልጉት። ሽቦው ሕዋሳቱን አይገድልም። አዳራሹ መሀል አንድ ሰው ቆሞ በሌላ ምት ቢያጨበጭብ የጎረቤቶቹ ምት እንደሚፈርስ ሁሉ እሱም በኤሌክትሪክ ኅብረታቸውን ይበትነዋል። ባትሪው ደረትዎ ላይ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት ሪሞት ይሰጥዎታል።

ደስ የማይለውን ደግሞ ልጻፍ። ያ ሰፈር ጠባብ ነው። እጅን የሚያዘው ከምላስ መንገድ ጋር አጥር ለአጥር ይዋሰናል፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ አጥር አያውቅም፤ ሲበረታ ወደ ጎረቤት ይፈስሳል። አንዳንድ ሰው ንግግሩ ይከብደዋል። ሐኪሙ ይህን ሳይነግርዎት አይቀርም፤ እርስዎ ግን አልጻፉልኝም።

ስለ እናቴ የጠየቁኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እሷ ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልለየሁም ነበር። እናትም አባትም ምን እንደሆነ የማውቀው ከእርስዎና ከአክስቴ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለኔ ዞሮ ዞሮ ስለ እርስዎ ነው። መልሴም አዎ ነው፤ እየፈራሁም ቢሆን አስደርግ ነበር። ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደግሞም የሥራዬ ጉዳይ ነው። ለእርስዎ ቢሳካ ሁለት ጊዜ ነው የምደሰተው። ስለዚህ ከቃሌ ላይ ትንሽ ቀንሰው ይስሙኝ።

አክስቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ።

ፍንጭቷ


ታኅሣሥ 22

ለፍንጭቷ፣

ፊደሉን፣ ከታች ያሰመርኩልሽንም መስመር እዪው! እስቲ “መ”ን እያት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ በቦታቸው ናቸው።

ቀዶ ጥገናውን አስደረግኩ። እንዴት ነበር ትይ ይሆናል፤ አናቴን ሲበሱት ድምፁ ጎረቤት ግድግዳውን የሚበሳ ነበር የሚመስለው። “የማን ቤት ነው የሚታደሰው?” ብዬ ብጠይቅ ነርሷ ሳቀች። ከዚያ ወረቀት ይዘው ክብ ሳል አሉኝ። ድንች ሳልኩ። ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ “አሁን” አለ። ፍንጭቷ፣ እጄ ቆመ። የሚያለቅስ ሕፃን ጡት ሲጎርስ እንደሚለው፣ እንዲሁ ጸጥ። ክቡን ደግሜ ሳልኩት፤ ክብ ነበር። አለቀስኩ። ሐኪሙ “ጭንቅላትዎን አያንቀሳቅሱ” ሲለኝ፣ ሳልንቀሳቀስ ማልቀሴን ቀጠልኩ።

ምላጩን ከመሳቢያው አውጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው የኳስ ዳኛው ነበር። ተላጭቶ ሲያበቃ ጉንጩን በመዳፉ እያሻሸ መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመ። አክስትሽ ደግሞ “ክዳኑ ገጥሟል” ብላሻለች።

በየእሁዱ መደወልሽን ለጊዜው ተዪው። የቤቱ ስልክ ተበላሽቷል፤ መስመሩ ይሁን ቀፎው አልታወቀም። ደብዳቤ ይሻላል፤ እጄም ይለማመዳል።

አጎትሽ


ጥር 8

ውድ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ቢሮዬ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ መቀመጥ አልቻልኩም። መስመሩን ወዲያው ለካሁ። ያ በሰከንድ አምስት ጊዜ ሲመጣ የነበረ ጉብታ የለም። ፈለግኩት፤ የለም!

ኃላፊዬ የጥቅምቱንና የታኅሣሡን መስመር አጉልታ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ለጥፋቸዋለች። የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል። “የማን እጅ ነው?” ሲሉኝ “ያሳደገኝ ሰው” እላለሁ። በመጋቢት ከየአገሩ ብዙ ተመራማሪዎች የሚመጡበት ስብሰባ አለ፤ የቡድናችንን ሥራ የማቀርበው እኔ ነኝ። የምከፍተውም በእርስዎ ሁለት መስመሮች ነው፤ ከፈቀዱልኝ።

ግን በኅዳሩ ደብዳቤ ስለ ንግግር የጻፍኩልዎን ዘለሉት። ንግግርዎ እንዴት ነው? ስልኩስ እስካሁን አልተሠራም? ድምፅዎ ናፍቆኛል። አንድ እሁድ ሙሉ ማን ምን እንዳለ ሲያወሩልኝ ካልዋሉ ሳምንቱ አይጀምርልኝም።

ፍንጭቷ


ጥር 27

ለፍንጭቷ፣

ፈቅጃለሁ። እንኳን መስመሬን ጆሮዬንም ለጥፊው።

ስለ ንግግሬ ላልሽው፣ ይኸው እየተናገርኩ አይደለም ወይ? ገጹ ሞላ እኮ።

ሱቁ ደህና ነው፤ ምላጭ የሚፈልገው ሁሉ ተመልሷል። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ሰላም አለው ይላሉ። አክስትሽም አሁን አሁን ከኔ ጋር ሱቅ ነው የምትውለው፤ ፎጣ ታጥፋለች፣ ተራ ታስይዛለች። ስልኩ አልተሠራም። ብርዱን ተጠንቀቂ።

አጎትሽ


የካቲት 11

ውድ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ አጭር ቢሆንብኝ ጊዜ የሱቁን ቁጥር ካሮጌ ደብተሬ ፈልጌ ትናንት ደወልኩ። የሱቁ ስልክ ይሠራል!

ግን ያነሳው ሰው ማነው? በጠራራ ፀሐይ ሞቅ ብሎታል። ምላሱ ተሳስሮ “ሃ... ሎ...” ብሎ አንድ ቃል ለማውጣት ደቂቃ ፈጀበት። “ባለ ሱቁን ያቅርቡልኝ” ስለው መንተባተቡን ቀጠለ፤ አንዱንም አልያዝኩት። ደጋግሞ አንድ ነገር ይላል፤ እየጮኸም መሰለኝ። በመጨረሻ ተናድጄ “ወንድሜ፣ ስካርዎ ሲበርድ ባለ ሱቁን የእህቱ ልጅ ደውላለች ይበሉልኝ” ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ሠራተኛ ቀጥረው ከሆነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምላጭ ባለበት ቤት የሰከረ ሰው አይሆንም። እርስዎ ሩኅሩኅ ነዎት፤ ለማንም ያዝናሉ። ግን አንድ ቀን የሰው ጉሮሮ ላይ ጣጣ ያመጣብዎታል። አክስቴስ እንዴት ዝም አለች?

ፍንጭቷ


የካቲት 20

ፍንጭቷ፣

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አልሰከርኩም። እጄ ለምዶበት ሳላስብ አነሳሁት። ደጋግሞ አንድ ነገር ይላል ያልሽው “የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ” ነው። የጮኽኩት ጩኸት ቃሉን የሚያጠራው መስሎኝ ነው።

ካወቅሽው አይቀር ሁሉንም ልንገርሽ። ሐኪሙ ሪሞቱ ላይ ሁለት ደረጃ ነው ያበጀልኝ። በዝቅተኛው ምላሴ ደህና ነው፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጣል፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ምላጭ አያስይዝም። በከፍተኛው እጄ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ምላሴ ግን አፌ ውስጥ እንደ ረጠበ ሱፍ ይተኛል። “ምርጫው የእርስዎ ነው” አለኝ ሐኪሙ። እሱም አልደበቀኝም፤ አንቺም አልደበቅሽኝም። ከፍተኛውን የመረጥኩት እኔው ነኝ።

ለምን ትይኝ ይሆናል። አንደኛ፣ እጄን ናፍቄው ነበር። አንድን ፊት ላጭቶ ለመስታወቱ መስጠት ምን እንደሆነ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ሁለተኛ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለፍልፌያለሁ፤ ምላሴ ቢያርፍ ማን ይጎዳል አልኩ። ከዚያ አንቺ መስመርህ ግድግዳ ላይ ወጣ ብለሽ ጻፍሽ፤ ታዲያ እንዴት ዝቅ ላድርገው? የቤቱንም ስልክ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ያልጠበቅኩት ሌላ ነገር መጣ። ምላስ ሲከብድ ሰው ጆሮህም የደነቆረ፣ ልብህም የጠፋ ይመስለዋል። የኳስ ዳኛው እንደ ደንቆሮ ይጮህብኛል፤ ፊሽካ ቢነፋ ይሻለኝ ነበር። ሌላው ደግሞ ፀጉሩ እንዴት እንዲቆረጥለት ለአክስትሽ ነው የሚነግራት፤ መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ! አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። የኔ አፍ ሲከፈት የሚያዩት ባዶ ጭንቅላት ነው።

እዚህ ወረቀት ላይ ግን ምላሴ አይሰማም። እዚህ ላይ ያው የድሮው ሰው ነኝ፤ እቀልዳለሁ፣ እነዘንዛለሁ፣ ማንም አይጮህብኝም። ያልነገርኩሽ ለዚህ ነው። አንድ ሰው እንኳ እንደ ድሮዬ ያውቀኝ ብዬ ነው።

አትዘኚ። ሰካራም መባሌ ራሱ ስድብ አይደለም፤ ሰዓቱ ግን ለመጠጥ ትንሽ ገና ነበር።

አጎትሽ


የካቲት 28

አጎቴ፣

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይቅርታ ብዬ መጻፍ ጀምሬ አሁንም አሁንም ቃሉ ያንስብኛል። ያሳደገኝን ድምፅ አላወቅኩትም፤ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ደብዳቤዎችዎን ደግሜ ሁሉንም አነበብኳቸው። መጀመሪያ ሲደርሱኝ የማየው የፊደሉን ጠርዝ ነበር፤ ምን እንደሚሉና ምን እንደማይሉ ሳላጤን ወደ መለኪያው እሮጥ ነበር። እጅን ለመለካት ብዕርና ወረቀት ይበቃል። ምላስን ለመለካት ግን ተቀምጦ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ መስመር ከሚልኩልን ታካሚዎች ማንንም ተቀምጠን አላዳመጥንም።

ከፍተኛው ላይ ያቆዩት ለኔ ግድግዳ ብለው ከሆነ፣ እለምንዎታለሁ፣ ዛሬውኑ ዝቅ ያድርጉት። ለምላጭዎ ብለው ከሆነ ግን እኔ ምን አገባኝ፤ እጁም ምላሱም የእርስዎ ነው። የቤቱን ስልክ ግን ይሰኩት። እሁድ እደውላለሁ። አንዱ ቃል የፈለገውን ያህል ይፍጅ፣ አልዘጋም።

ፍንጭቷ


መጋቢት 17

ለፍንጭቷ፣

ፊደሉ ተመልሶ መዝለል ጀመረ አይደል? ይህን የምጽፈው ከሰዓት በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስለ እሁዱ ስልክ ልውቀስሽ። ከሁለት ወር በኋላ ምላሴን አግኝቼ ላወራሽ ስዘጋጅ አንቺ ግማሹን ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ አለቀስሽበት። ደግመሽ ደውይ፤ ያለ እንባ።

እንዴት ዝቅ እንዳደረግኩት ጠይቀሽኝ ነበር። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሻይ እየጠጣን ነበር። ሪሞቱን አወጣሁና ጫንኩት። አክስትሽ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ትልቅ ነገር እንዲሆን አስቤ ነበር፤ ወይ ምስጋና፣ ወይ የፍቅር ቃል። አፌን ስከፍት “ሻዩ ቀጥኗል” የሚል ወጣ። እሷም “ሁለት ወር ሙሉ የጠጣኸው ያንኑ ነው” አለችኝ። ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረና ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ጨርቅ ለማምጣት የተነሳ የለም። ተቀምጠን ሳቅን፤ ከዚያ እሷ ትንሽ አለቀሰች።

በማግስቱ የኳስ ዳኛው ሊላጭ መጣ። ምን ላድርግ? ከፍ አደረግኩት፤ በዝምታ ላጨሁት። ምላጩን አስቀምጬ ፊቱን ሳልጠርግለት ዝቅ አደረግኩና “ሁለት ወር ሙሉ የጮኽክብኝ፣ ደንቆሮ መሰልኩህ?” አልኩት። ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ከዚያ አቀፈኝ፤ አረፋው ሁሉ ሸሚዜ ላይ ቀረ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ለሁለቱም ተራ ወጣላቸው። ጠዋት የእጅ ነው፤ እላጫለሁ፣ አልናገርም። ከሰዓት የምላስ ነው፤ አወራለሁ፣ መቀስ አልነካም። አክስትሽ በሩ ላይ “ጠዋት እንሠራለን፣ ከሰዓት እናወራለን” ብላ ጻፈችበት። ሳያነብ የሚገባ አለ፤ ከሰዓት ፀጉሩን ሊቆረጥ ይመጣና ሁለት ሰዓት አውርቶ እንደ ጎፈረ ይሄዳል። ሐኪሙ ምንም ችግር የለውም ብሏል፤ መለዋወጡ ለዚሁ የተሠራ ነው አለኝ።

ሁለቱንም አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም ወይ? ያ ሁሉ ሒሳብሽ በኔ ዘመን ይደርሳል?

አጎትሽ


መጋቢት 30

ውድ አጎቴ፣

ስብሰባው አለፈ። በፊት የጻፍኩትን ንግግር ትቼ ሌላ አቀረብኩ። ሁለቱን መስመሮች ሳሳይ አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ “ይህ ሰው አጎቴ ነው፤ ሱቁ ስደውልለት ሰካራም መስሎኝ ዘጋሁበት” አልኳቸው።  ኃላፊዬ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማኝ።

በኋላ ኮሪደር ላይ “እኛ የምናጠናው መንቀጥቀጥን ነው እንጂ ንግግርን አይደለም” አለችኝ። “ሰውየው ግን አንድ ነው” አልኳት። ከዚያ በኋላ አኮረፈችኝ። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ “ከሌሎቹ ታካሚዎች ስንቱን በድምፅ አናግረሻል?” አለችኝ። “አንዱንም” አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አብረን መደወል ጀመርን። ከእኔ አጣርቶ የሚናገር አለ። እንደ እርስዎ የከበደውም አለ። ሁሉም ግን በወረቀት “ደህና ነኝ” ብለውን ነበር።

በዘመንዎ ይደርስ እንደሆነ አላውቅም። የያዝነው ሐሳብ ሽቦው ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ፣ ሕዋሳቱ አንድ ላይ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ብቻ እንዲነካቸው ነው። ኤሌክትሪኩ ካነሰ ወደ ጎረቤት አይፈስስ ይሆናል። በሒሳብ ያምራል፤ በሰው ላይ ገና ብዙ ይቀረዋል። ቶሎ ይደርሳል ብዬ ልዋሽዎ አልችልም።

እረፍቴን ወስጄ በሰኔ እመጣለሁ። ጠዋት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ አይዎታለሁ፤ ከሰዓት እሰማዎታለሁ። ሁለቱን ሲለዋወጡ ምን እንደሚሰማዎ ግን እስከዚያ አላስችል ብሎኛል፤ ይጻፉልኝ። የትኛው ነው እርስዎን የሚመስለው?

ፍንጭቷ


ሚያዝያ 15

ለፍንጭቷ፣

ይህን ጠዋት ነው የምጽፈው፤ በፊደሉ ታውቂያለሽ። “አላውቅም” ማለትሽ ደስ ብሎኛል። በዚህ ሁሉ ሐኪምና ነርስ መሀል የሚያውቅ ሰው ሰልችቶኝ ነበር።

የትኛው እኔን እንደሚመስል ለጠየቅሽው፣ እኔም ከሰዓት ያለው ነው ባይ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

እኔ በዝምታ ስሠራ ሱቁ ውስጥ የሚያወራ ጠፋ። ዝምታው ለደንበኛ ይከብዳል። አክስትሽ መጀመሪያ አንድ ሁለት ቃል ትል ነበር፤ ከዚያ እየለመደችው መጣች። ፍንጭቷ፣ ይህች ሴት ወሬ ትችላለች! እኔ በሦስት ቀልድ የማሳቀውን ሰው እሷ በአንድ ቃል ታንከባልለዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር መናገር የማትወድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተራ አልደረሳትም።

ሐሙስ ዕለት ወንበሩ ላይ አዲስ ደንበኛ ነበር። “እናንተ እንዴት ተዋወቃችሁ?” አላት። ይህን ታሪክ እኔ ነኝ የማወራው፤ ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። እኔ ወጣት ፀጉር አስተካካይ ሆኜ አባቷ በየሳምንቱ ሊቆረጡ ይመጣሉ፤ እኔ እሳቸውን እያሳመርኩ ልባቸውን አገኘሁና ልጃቸውን ሰጡኝ፤ እንዲህ ነው የማወራው።

እሷ ሌላ ነገር አወራች። አባቷን በየሳምንቱ የምትልካቸው እሷ ነበረች። ፀጉራቸው ሳያድግ “አባባ፣ ጎፍሯል” እያለች ታስወጣቸዋለች፤ እሳቸውም “አናቴ ላይ ምን ቀርቶ ነው?” እያሉ ይሄዳሉ። ለምን? አንድ ቀን በሱቁ መስኮት ስታልፍ አይታኛለች። ደንበኛ አልነበረኝም፤ ብቻዬን ነበርኩ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ለራሴ መልክ እያወራሁ ነበር፤ በእጄ ጭምር እያስረዳሁት። “አዘንኩለት፤ ይህ ሰው የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል አልኩ” አለች።

መቀሱን ይዤ ቆምኩ። 

ደንበኛው ተቆርጦ አለቀ፤ ግን አልተነሳም፤ እየሰማት ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከቀትር አልፏል። የምላሴ ሰዓት ነው። ሪሞቱን ከኪሴ አውጥቼ ጣቴን አዝራሩ ላይ አድርጌዋለሁ። የምለው ነገር ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል። እሷ ግን መሀል ላይ ናት፤ አባቷ መላጣቸውን እያሻሹ “ይህን ልጅ ትፈልጊዋለሽ ወይ?” ብለው የጠየቋት ቀን ላይ ደርሳለች፤ ዓይኗ እየሳቀ።

ሪሞቱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

“ከዚያስ?” አልኳት፣ በዚያው በረጠበ ሱፍ ምላሴ። ደንበኛው “ምን አሉ?” ብሎ ዞሮ አየኝ።

እሷ ግን ገብቷት ቀጠለች።

አጎትሽ